ሁለቴ አፈላለሁ

እናቴ ጀበናዋን የሰበረችው በፋሲካ ማግስት ነው። ቶናውን ልትቀዳ ስታነሳው ከእጇ አመለጠና ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ወደቀ። ጎረቤቶቻችን «ክፉውን ይዞ ይሂድ» አሉ፤ ስብርባሪው ተጠረገ፤ ጨዋታው ቀጠለ። እኔ ግን ጀበናው ከመውደቁ በፊት የእጇን አንጓ አይቼዋለሁ። ይንቀጠቀጥ ነበር።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ደንበኛ የሚፈልገውን ሳይናገር ማወቅ ነው። እናቴንም እንደዚያው ሳልጠይቃት ወሰንኩላትና የኤሌክትሪክ ቡና ማፍያ ገዛሁላት። ከሰል ማያያዝ የለ፣ ማራገብ የለ፣ ከባድ ጀበና ማንሳት የለ። መረቀችኝ፤ ማፍያውን ቡፌው ላይ አስቀምጣ ዳንቴል አለበሰችው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ቡና አልፈላም። በእኛ ሠፈር ቡና ያልፈላበት ቤት የታመመ ሰው አለበት ማለት ነው። ጎረቤቶች ብቅ እያሉ «ምነው፣ ደህና አይደላችሁም?» ይሉን ጀመር።

በአራተኛው ቅዳሜ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ «ተነሺ፣ መርካቶ እንሂድ» አለችኝ።

ሸክላ የሚሸጥበት መደዳ ስንደርስ ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ፣ የዕጣን ማጨሻው ተደርድሯል። እኔ እንደ ልማዴ የሠሪውን ስም ፈለግሁ። የለም። እንደ ቀጨኔ ባሉ ሠፈሮች ሴቶች ጭቃውን በእጃቸው አድቦልቡለው፣ አድርቀውና ተኩሰው የሚያወጡት ዕቃ ነው፤ ስማቸውን ግን ማንም አይጽፍበትም። ሸክላ ሠሪ ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ንቀቱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ቡናውን ግን ሁላችንም የምንጠጣው እነሱ ከሠሩት ጀበና ነው።

እናቴ ስም አልፈለገችም። ጀበናውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አዳመጠች። ድምፁ ከጠራ ደህና ነው፤ ከታፈነ ስንጥቅ አለው። አንገቱና ጆሮው ከሆዱ ጋር የተያያዙበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ውኃ አስሞልታ ከሥሩ ያንጠባጥብ እንደሆነ ጠበቀች።

እኔ የአሮጌውን እኩያ፣ 12 ስኒ የሚሞላውን መረጥኩ። ተቀብላኝ በእጇ መዘነችውና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ የእሱን ግማሽ የምታክል ትንሽ ጀበና አነሳች።

«እማማ፣ ትልቁን ይውሰዱ እንጂ፤ ቤትዎ ሰው አይመጣም?» አለቻት ሻጯ።

«ይመጣል። ሁለቴ አፈላለሁ።»

ስለ እጇ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ምንም ብላኝ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳትም። ትንሿን ጀበና በጋዜጣ አስጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ወደ ቤት ተመለስን።

አዲስ ጀበና ከገበያ እንደመጣ ቡና አይፈላበትም፤ መጀመሪያ ይሟሻል። ለማሟሸት ደግሞ አተላ ያስፈልጋል፤ ቤታችን ያን ሁሉ ጊዜ ቡና ስላልፈላ ከጎረቤት ለምኜ አመጣሁ። እናቴ ተቀምጣ እያዘዘችኝ አጠብኩት፤ አተላና ውኃ ሞላሁበት፤ በሳሳ ፍም ላይ ቀስ ብዬ አሞቅሁት፤ ደፍቼ እንደገና ሞላሁ። ድንገት ኃይለኛ እሳት ካገኘው ይሰነጠቃል። የአፈር ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን የቡና ጥሪ ሳንልክ ቤቱ ሞላ፤ አተላ ስለምን ወሬው ቀድሞን ኖሯል።

እናቴ አቦሉን በሁለት እጇ ይዛ ቀዳች። ጀበናዋ ስድስተኛው ስኒ ላይ አለቀች። «ቆዩ፣ ይደገማል» አለችና ውኃ ጨመረች። ማንም አልቸኮለም። እንዲያውም ጨዋታው ረዘመ።

የኤሌክትሪኩ ማፍያ ዳንቴሉን እንደለበሰ ቡፌው ላይ አለ። ጠዋት ለሥራ ስቸኩል እኔ እጠቀምበታለሁ። ደንበኛው ለካ እኔ ነበርኩ።

እናንተም ለወላጆቻችሁ ያረጀ ዕቃ ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ በስጦታ አስደንቃቸዋለሁ ብላችሁ ብቻችሁን አትግዙ። ይዛችኋቸው ውጡ። በአፋቸው የማይነግሯችሁን እጃቸው ሲመርጥ ታዩታላችሁ።