በባይሮይት ኮረብታ ላይ ስላለው ቴአትር ቤት

በጀርመን አገር በባቫርያ ግዛት ባይሮይት የምትባል ከተማ አለች። ከባቡር ጣቢያው ወጥተን ሽቅብ ስንሄድ፤ አረንጓዴ ኮረብታ ከተባለው ስፍራ ላይ ሪቻርድ ዋግነር በጡብና በእንጨት ያሠራው ቴአትር ቤት ይታያል። ወንበሩ የእንጨት ነው፤ ክንድ ማሳረፊያም የለውም። ሙዚቀኞቹ ከመድረኩ በታች ተሸሽገው ስለሚጫወቱ ተመልካቹ ድምፃቸውን ይሰማል እንጂ እነርሱን አያይም።

ይህ ቤት በ1876 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የተከፈተው «የኒቤሉንግ ቀለበት» በሚባለው ኦፔራ ነው። ኦፔራው ከጥንት የሰሜን ሕዝቦች ተረት የተወጣጣ ሲሆን አራት ምሽት ይፈጃል። የአማልክት አለቃ ቮታን፤ ግንብ ለሠሩለት ግዙፋን ዋጋቸውን ለመክፈል የተረገመ ቀለበትና ወርቅ ቀማ። ኋላም ትእዛዙን የተላለፈችውን ልጁን፤ እጅግ እየወደዳት፤ በእሳት በተከበበ ዓለት ላይ አስተኛት። በመጨረሻ ግንቡ ተቃጠለ፤ ቀለበቱም ወደ ራይን ወንዝ ተመለሰ።

ዋግነር በ1883 ከሞተ በኋላ ሚስቱ ኮዚማ ሥራውን እርሱ እንደ ተወው ለማቆየት ብዙ ደከመች። በ1930ዎቹ ዓመታት ግን ሂትለር እየተመላለሰ ስለ ጐበኘው የቤቱ ስም ጐደፈ። ስለዚህ ቤቱ በ1951 እንደ ገና ሲከፈት፤ የዋግነር የልጅ ልጅ ቪላንድ የቀድሞውን የመድረክ ዕቃ አስወጥቶ ባዶ ስፍራና ብርሃን ብቻ አቆመ። ብዙ ሽማግሎችም አዘኑበት።

በ1976 የመቶኛው ዓመት በዓል ሲደርስ፤ የቪላንድ ወንድም ቮልፍጋንግ ፓትሪስ ሸሮ የተባለውን የ31 ዓመት ፈረንሳዊ የቴአትር አዘጋጅ ጠራ። ሸሮም በራይን ወንዝ ላይ የኤሌክትሪክ ግድብ አቆመ፤ አማልክቱንም በዋግነር ዘመን እንደ ነበሩ ባለጠጎች አለበሳቸው። ሕዝቡ በፉጨትና በጩኸት ተቃወመ። ነገር ግን በ1980 ይኸው ዝግጅት ለመጨረሻ ጊዜ ሲታይ ጭብጨባው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ።

ቃሉና ዜማው የዋግነር ነው፤ ሸሮ የለወጠው አለባበሱንና ስፍራውን ነው። ቮታን በጥንት የጦር ልብስ ሲቆም ተመልካቹ የሚያየው የሩቅ ዘመን ጣዖት ነበር። ረጅም ኮት ለብሶ ከልጁ ሲሰናበት ግን በራሱ ሕግ ታስሮ የሚወዳትን የሚቀጣ አባት ሆነ። እንዲህ ያለውን አባት ሁላችን እናውቀዋለን።

ከኮረብታው ስንወርድ ይህን አሰብን። ከአያት የተቀበሉትን ልብስ ሣጥን ውስጥ ቈልፎ ማኖር ክብር ይመስላል፤ ነገር ግን ብል ይበላዋል። ልብሱን በልኩ አስተካክሎ የሚለብሰው ልጅ አያቱን የበለጠ ያስታውሳል።