ሦስተኛው ዲስክ የትኛው ነበር?

በማስተርስ ትምህርቴ ሁለተኛ ዓመት የላቦራቶሪያችንን ሰርቨር የመንከባከብ ኃላፊነት ተሰጥቶኝ ነበር። ሰርቨሩ ሁለት ዲስኮች ነበሩት፤ በአንደኛው ሊኑክስ ተጭኖበታል፣ በሌላው የአንድ ባልደረባዬ የጥናት መረጃ ተቀምጦበታል። ባልደረባዬ በደቡብ ወሎ እየተዘዋወረ የአካባቢውን የአማርኛ አነጋገር ሲቀዳ አምስት ወራት ፈጅቶበታል። ቦታ እየጠበበ ሲመጣ፣ ከሌላ ክፍል ያገኘሁትን ያገለገለ ዲስክ ሰርቨሩን ሳላጠፋ ጨመርኩበት። ስርዓተ ክወናው ነባሮቹን ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ፣ አዲስ መጤውን ደግሞ ኤስዲሲ ብሎ አሳየኝ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «አዲሱ ዲስክ ኤስዲሲ ነው» ብዬ ጽፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ሰርቨሩን አስነሣሁ፤ ደብተሬን ገልጬ የኤስዲሲን የመጀመሪያ ክፋይ ፎርማት እንዲያደርግ አዘዝኩ። ፕሮግራሙ በክፋዩ ላይ ቀድሞ የተሠራ ፋይል ሲስተም ማግኘቱን ገልጾ «ልቀጥል?» ሲል ጠየቀኝ። ዲስኩ ያገለገለ አይደለምን? የቀድሞ ባለቤቱ ትራፊ ነው ብዬ አዎንታዬን ሰጠሁ። የደመሰስኩት የባልደረባዬን ዲስክ ነበር።

የሆነውን ለመረዳት ጥቂት ቀናት ወስዶብኛል። በሊኑክስ ከኤስዲ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ስለ ዲስኩ ማንነት የሚናገረው ነገር የለም፤ ከርነሉ ዲስኩን ያገኘበትን ተራ ብቻ ያመለክታል። አዲሱን ዲስክ ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ስለጨመርኩት የመጨረሻውን ተራ ያዘ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ። አዲሱ ዲስክ የተሰካው በማዘርቦርዱ ላይ ነበር፤ የባልደረባዬ ዲስክ ደግሞ በተጨማሪ ካርድ ላይ። ከርነሉ በመጀመሪያ የማዘርቦርዱን፣ ቀጥሎ የካርዱን ዲስክ ስላገኘ ሁለቱ ፊደል ተለዋወጡ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስም መጥሪያው ላይ የነበረኝ ቁጥር፣ ስሙ በ«ሀ» የሚጀምር ልጅ ተዛውሮ በመጣ ጊዜ በአንድ ከፍ ማለቱ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ መምህራችን ዝርዝሩን እንደገና ጽፈው አነበቡልን፤ ሰርቨሩ ግን ምንም አላለኝም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በአይዲኢ ኬብል ዘመን በሊኑክስ ላይ ኤችዲኤ ማለት በመጀመሪያው ኬብል ላይ ያለው ዋና ዲስክ ማለት ነበር፤ ኤችዲሲ ደግሞ የሁለተኛው ኬብል ዋና ዲስክ። መካከል ያለው ኤችዲቢ ባይኖር እንኳ ኤችዲሲ ፊደሉን አይለቅም ነበር። ፊደሉ ቦታን ይናገር ነበርና። በዶስ ግን መንሸራተቱ የቆየ ነው። ኤ እና ቢ ለፍሎፒ ተይዘው ሃርድ ዲስክ ከሲ ይጀምራል፤ ይህ ልማድ በ1983 ሃርድ ዲስክ ይዞ ከወጣው የአይቢኤም ኤክስቲ ኮምፒውተር ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬው ዊንዶውስ ዘልቋል። ዶስ በመጀመሪያ ለየዲስኩ ዋና ክፋይ ፊደል ስለሚያድል፣ ሁለተኛ ዲስክ የጨመረ ሰው ትናንት ዲ የነበረውን ክፋይ ዛሬ ኢ ሆኖ ያገኘው ነበር። ዊንዶውስ የሰጠውን ፊደል መዝግቦ ስለሚይዝ ከዚህ ይሻላል፤ ከ0 ጀምሮ ለዲስኮች የሚሰጠው ቁጥር ግን እርሱም ሊለዋወጥ ይችላል።

ጥፋቱን ያከበደው ሌላ የእኔ ሥራ ነው። ሰርቨሩ ሲነሣ የትኛው ክፋይ በየትኛው ማህደር እንደሚከፈት የሚወስነውን ሰንጠረዥ የጻፍኩት በእነዚሁ ፊደላት ነበር። በዚያ ጠዋት በባልደረባዬ ማህደር የተከፈተው የአዲሱ ዲስክ አሮጌ ትራፊ ነው፤ የእርሱ ዲስክ ሳይከፈት ቀርቷል። ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ያለ ክፋይ ፎርማት አላደርግም ይለኝ ነበር። ሁለቱ ዲስኮች በአምራችም በመጠንም አንድ ስለነበሩ ዓይኔም አላዳነኝም።

ሊኑክስ ከፊደሉ ሌላ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መጠሪያዎችን ያዘጋጃል። አንዱ ዲስኩ የተሰካበትን ቦታ፣ ሌላው አምራቹ የሰጠውን ሲሪያል ቁጥር፣ ሦስተኛው ዩዩአይዲ የሚባለውንና በራሱ በፋይል ሲስተሙ ውስጥ የተጻፈውን ባለ 128 ቢት መለያ ይከተላል። በርካታ መመሪያዎች ሦስተኛውን ይመክራሉ፤ ለሰንጠረዡ እኔም እስማማለሁ። ለፎርማት ግን አልስማማም። ዩዩአይዲ የይዘቱ እንጂ የዕቃው ስም አይደለም፤ ፎርማት ሲደረግ ይለወጣል፤ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ሲገለበጥ ደግሞ ሁለት ዲስኮች አንድ ስም ይዘው ይገኛሉ። የሚጠፋ ነገር ሲኖር የማምነው ሲሪያል ቁጥሩን ነው፤ በዲስኩ ጀርባ ላይ ታትሞ በእጅ ተይዞ ይነበባልና።

የድምፅ ፋይሎቹን አብዛኞቹን መልሰን አግኝተናል። ባልደረባዬ በየፋይሉ ስም ውስጥ የተናጋሪውን ዕድሜ፣ ፆታና ቀበሌ ያስገባ ነበር፤ ያ ሁሉ ጠፍቷል። የማዳኛው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ፋይል መነሻው የተገኘበትን የዲስክ ሥፍራ ቁጥር ስም አድርጎ ሰጠው። አሁን ማታ ማታ አብረን ተቀምጠን እናዳምጣለን። «እኚህ የሐይቋ እናት ናቸው፤ ከኋላ ዶሮዎቻቸው ይሰማሉ» ይለኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ያልተለዩ 41 ቅጂዎች ይቀሩናል።