አምፖሉን ማን ሠራው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጣና፣ «ዶክተር፣ አምፖልን የፈለሰፈው ኤዲሰን ነው ያሉት ትክክል ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አጠያየቁ ትሕትና ነበረው፤ ቁም ነገሩ ግን እርማት ነበር። በመምህርነት ዘመኔ ያችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደ ደገምኋት እግዜር ይወቅ።

እንግሊዛዊው ኬሚስት ጆሴፍ ስዋን በኒውካስል ከተማ ሰባት መቶ ያህል ሰው በተሰበሰበበት የካርቦን አምፖሉን ያሳየው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1879 ነው። ኤዲሰን በሜንሎ ፓርክ የተሳካለት በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው። ታዲያ «ቀዳሚው ስዋን ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ያምራል። ሆኖም የስዋን ካርቦን ወፈር ያለ በትር ስለ ነበረ ብዙ ኮረንቲ ይፈልጋል፤ በዚያ ዓይነት አምፖል አንድን ሰፈር ለማብራት የሚያስፈልገው የመዳብ ሽቦ ውፍረትና ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ኤዲሰን የመረጠው ፍሰቱን አጥብቆ የሚቋቋም ቀጭን ክር ነው። ሰውየው ከአምፖሉ አልፎ ከማመንጫው እስከ ደንበኛው ቤት ያለውን መንገድ ሁሉ ያሰላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ፐርል ጎዳና የከፈተው ጣቢያ ለዚህ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1883 ሁለቱ ተቀናቃኞች በእንግሊዝ አገር ኩባንያዎቻቸውን አዋሐዱ፤ ሕዝቡም ምርታቸውን «ኤዲስዋን» ብሎ አወቀው። ስለ ዕርቅ አዘውትረን ለምንጽፍ ሰዎች እንዴት ያለ ግሩም ምሳሌ ነው! ግን ቀጥሎ የሆነውን እንመልከት። የጋራው ኩባንያ ገበያውን ለብቻው ለመያዝ የኤዲሰንን ፓተንት በፍርድ ቤት ማስከበር ነበረበት። የስዋን ቀዳሚነት ከጸና ደግሞ ያ ፓተንት ይወድቃል። ስለዚህ የስዋንን ስም የተሸከመው ኩባንያ «የስዋን የመጀመሪያ አምፖል ከኤዲሰን ጋር አንድ አይደለም» የሚለውን ክርክር ይዞ ቆመ፤ አሸነፈም። ስዋን ገንዘቡን አገኘ፤ ቀዳሚነቱን ግን የገዛ ኩባንያው ቀበረበት።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የራሴ ጉዳይ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በአንድ ጥናት ሐሳብ ባለቤትነት ተጣልተን እስከ ዛሬ ሰላምታ አንለዋወጥም። ሐሳቡን በመጀመሪያ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። ያን ሐሳብ ሊጻፍ የሚችል ያደረገው ግን ክረምቱን ሙሉ መረጃ ሲለቅም የከረመው እሱ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወዳጆቻችን ለማስታረቅ በሞከሩ ቁጥር «ያለፈውን እርሱት» ይሉን ነበር፤ እምቢ ያልሁት በኩራት ብቻ አልነበረም፤ እንዲህ ባለው ዕርቅ ከሁለት አንዳችን ስዋን መሆናችን አይቀርም።

ትናንት ስልክ ቁጥሩን ፈልጌ አገኘሁ። ማን ምን እንደ ሠራ በዝርዝር ጽፌ ልልክለት አስቤያለሁ፤ የመጀመሪያው መስመር የእሱን ክረምት የሚመለከት ነው።