3 ሜትር ላይ ያልያዝከውን 9 ሜትር ላይ አታገኘውም

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አላወራም። ስለ መረብ ኳስ ሰርቪስ ነው የምጽፈው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ቲቸር፣ አሁን በመሥሪያ ቤታችን ቡድን ውስጥ እጫወታለሁ። ጠጋ ብዬ ስመታ ያልፋል። ከመጨረሻው መስመር ስመታ ግን ወይ መረብ ነው ወይ አውት። እጄ ደካማ ሆኖ ይሆን?" አለኝ። ለሱ ብቻ ከምመልስለት ለሁላችሁም ይጥቀም ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

አጭሩን መልስ ልስጥህ ወንድሜ፦ እጅህ ደካማ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ዶማ ይዞ ሲቆፍር ያደገ እጅ ከ280 ግራም የማትበልጥ ኳስ 9 ሜትር ማድረስ አያቅተውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከቅርብ ስትመታ አንድ ሰው ነህ፣ ከሩቅ ስትመታ ሌላ ሰው ትሆናለህ። ርቀቱን ስታይ ትፈራለህ፣ ስትፈራ ትቸኩላለህ፣ ስትቸኩል ደግሞ ጉልበት ትጨምራለህ። ረጅሙ ምት ግን አጭሩ ምት ራሱ ነው፤ ትንሽ ተለጠጠ እንጂ አልተቀየረም።

እስቲ ሰርቪስን ከሌላው ምት የሚለየውን እንይ። ሜዳው 18 ሜትር ርዝመት፣ 9 ሜትር ስፋት አለው። መረቡ ለወንዶች 2 ሜትር ከ43፣ ለሴቶች 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ነው። ዳኛው ካፏጨ በኋላ 8 ሰከንድ አለህ። በዚያ 8 ሰከንድ ውስጥ ማንም አይነካህም፣ ማንም ኳስ አይቀማህም። ኳሷን የምታቀብለውም አንተ፣ የምትመታውም አንተ። በጨዋታው ውስጥ ሙሉ በሙሉ የራስህ የሆነ ምት ይህ ብቻ ነው። ከሳትክ "ፓሱ ተበላሸብኝ" ብለህ የምታሳብበው ጓደኛ የለም።

ዋጋውም ከፍ ብሏል። ድሮ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቪስ የያዘው ቡድን ብቻ ነበር፤ ሰርቪስ ብታበላሽ ተራህን ነበር የምታጣው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ሕጉ ከተቀየረ ወዲህ ግን የተበላሸ ሰርቪስ ሁሉ ለተጋጣሚ የተሰጠ ነጥብ ነው። ስለዚህ ቡድንህ ከአንተ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚያልፍ ሰርቪስ ነው። የሚያስጮኸው በኋላ ይደርሳል።

ይህ ችግር የመረብ ኳስ ብቻ አይደለም። ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ በፊልም ሳታዩ አትቀሩም፤ ያቺ ትንሽ ነጭ ኳስ፣ ያ ረጅም ዱላ። ሶዶ ላይ የጎልፍ ሜዳ የለንም። ግን የነሱና የኛ ጣጣ አንድ ነው። ኳሷ ቆማ እየጠበቀችህ፣ ማንም ሳይነካህ፣ ትስታታለህ። አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ሃርቪ ፔኒክ የሚባል የጎልፍ አስተማሪ ነበር። ለብዙ ዓመታት በማስታወሻ ደብተር ሲጽፍ የቆየው በፈረንጆቹ 1992 መጽሐፍ ሆኖ ወጣለት። የማስተማር መንገዱ ቀላል ነው፦ ጨዋታውን ከጉድጓዷ ጀምረህ ወደ ኋላ ተማር። መጀመሪያ ጉድጓዷ አጠገብ ቆመህ ኳሷን ቀስ አድርገህ ግፋት። ያ ሲሳካ ጥቂት እርምጃ ራቅ በልና አጭር ምት ምታ። በሙሉ ክንድ የሚመታው ረጅሙ ምት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ሰውዬው በሚያዝያ 1995 አረፈ። ቤን ክሬንሾ የተባለው ተማሪው ከሬሳ ሣጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ሆኖ ቀበረው፤ በዚያው ሳምንት እሁድ ደግሞ ማስተርስ የሚባለውን ትልቁን ውድድር አሸነፈ። መምህሩ በአልጋ ላይ ሆኖ የሰጠው የመጨረሻ ትምህርት ስለ የትኛው ምት እንደነበር ታውቃላችሁ? ጉድጓዷ አጠገብ ስለሚመታው፣ ስለ ትንሹ። መምህር ለሆንን ሰዎች ይህች ታሪክ ትንሽ ልብ ትነካለች።

አሁን ወደኛ ሜዳ እንመለስ። እኔ የማስተምረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ቀኝ እጅ ለሚጠቀም እጽፋለሁ፤ ግራኞች ገልብጣችሁ አንብቡት።

1ኛ፦ ሳትመታ ማንሳት። ኳሷን በግራ እጅህ ይዘህ ከቀኝ ትከሻህ ፊት ለፊት ወደ ላይ ልቀቃት። ሽቅብ ከተዘረጋው ቀኝ እጅህ ጫፍ ትንሽ ብቻ ከፍ ትበል። ከዚያ አትምታት፣ ተዋትና ትውደቅ። ከግራ እግርህ ፊት፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ብላ መውደቅ አለባት። እዚያ ቦታ ላይ በኖራ ትንሽ ክብ ሥራ። ብዙ ሰው ሰርቪስ ሲበላሽበት እጁን ይወቅሳል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ግን የግራ እጁን ነው። ኳሷ ወደ ኋላ ከሄደች ወገብህ ይተጣጠፋል፣ ወደ ጎን ከሄደች ደግሞ እያሳደድክ ትመታታለህ። በተሳሳተ ቦታ የተነሳችን ኳስ ጉልበት አያድናትም።

2ኛ፦ መወርወር። ልጅ ሆናችሁ ማንጎ ለማውረድ ድንጋይ ስትወረውሩ ማን አስተማራችሁ? ክርን ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሄዳል፣ ግራ እግር ይቀድማል፣ ወገብ ይዞራል፣ እጅ መጨረሻ ላይ ይከተላል። ሰርቪስም ይኸው ነው። የጨርቅ ኳስ ይዘህ ከ3 ሜትር መረቡን አሳልፈህ ወርውር፤ ከዚያ ከ6፣ ከዚያ ከ9። ከ9 ሜትር ስታሳልፍ "እጄ ደካማ ነው" የሚለው ነገር እዚያው ያበቃል።

3ኛ፦ ከ3 ሜትር መምታት። የአጥቂ መስመሩ ላይ ቁም፤ ከመሐል መስመሩ 3 ሜትር ነው። ኳሷን ልክ እንደ ተለማመድከው አንሳ፤ ከእጅህ አንጓ ከፍ ብሎ ባለው ጠንካራው የመዳፍህ ክፍል መሐሏን ምታት። አንጓህ አይታጠፍ። መረቡን ቀስ ብላ ብታልፍ ይበቃል።

4ኛ፦ ወደ ኋላ መራቅ። ሕጌ አንድ ነው፤ ከ10 ኳስ 8 ካሳለፍክ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ከ8 በታች ከሆነ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ትመለሳለህ። መመለስ ቅጣት አይደለም። ስትርቅ የምትጨምረው ጉልበት ሳይሆን የሰውነትህን ድርሻ ነው፤ ክርንህ ትንሽ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ ወገብህ ትንሽ ይዞራል፣ ግራ እግርህ አንድ እርምጃ ይቀድማል።

5ኛ፦ ቆጠራው። አንድ ስትል ታነሳለህ፣ ሁለት ስትል ትራመዳለህ፣ ሦስት ስትል ትመታለህ። 3 ሜትር ላይ የቆጠርክበት ፍጥነትና 9 ሜትር ላይ የምትቆጥርበት ፍጥነት አንድ መሆን አለበት። ጠያቂው ወንድሜ፣ አንተ የምትበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ከመጨረሻው መስመር ስትቆም "አንድ-ሁለት-ሦስት" የነበረው "አንድሦስት!" ይሆንብሃል። ጓደኛህ አጠገብህ ቆሞ ይቁጠርልህ፣ ታየዋለህ።

ወንዶች ልጆች ይህን አይወዱም። በስልክ የብራዚልና የጣሊያን ተጫዋቾች ዘለው ሲመቱ አይተው ይመጡና በመጀመሪያው ቀን ዘሎ መምታት ይፈልጋሉ። ከ10 አንዷ ትገባለች፤ ያቺን አንዷን ለዓመት ያወሯታል፤ ዘጠኙ ተረሱ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ "ቲቸር፣ ትከሻዬን" ይላሉ። ዘሎ መምታትም እኮ ያው ማንሳት፣ ያው ክርን፣ ያው ቆጠራ ነው፤ እግር ከመሬት ስለተነሳ ብቻ ሌላ ትምህርት አይሆንም።

አሁን ይህን ሁሉ የምጽፍበትን ዋናውን ምክንያት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ስሟን አልጠራም። ከገጠር ቀበሌ በእግሯ እየመጣች ነበር የምትማረው፤ ጠዋት ውኃ ቀድታ፣ ለከብት ሣር አጭዳ። ሰርቪስ ስትመታ ኳሷ መረቡ ጋ ሳትደርስ ትወድቃለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ብዙም ሳይቆይ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ "ቲቸር አመመኝ" ማለት ጀመረች። ሌላ ትምህርት ላይ ግን አትታመምም።

አንዳንድ ሰው "ስፖርት ነው፣ ምን ችግር አለው" ይላል። እኔን ግን ያስጨንቀኛል። ልጅ "እኔ አልችልም" የሚለውን ነገር ሜዳ ላይ ከያዘ ሜዳ ላይ ጥሎት አይሄድም። ወደ ሒሳብ ክፍል ይዞት ይገባል፣ ወደ 12ኛ ክፍል ፈተና ይዞት ይገባል። በተለይ ሴቶቹ። የሚስቅባቸው ሰው ብዙ ነው፣ አጠገባቸው ቆሞ የሚቆጥርላቸው ጥቂት።

እሷን ለብቻዋ ጠርቼ "አንቺ ቀረብ ብለሽ ምቺ" ብላት የባሰ ነበር። ስለዚህ ክፍሉን በሙሉ 3 ሜትር ላይ አቆምኩት። ጎበዞቹንም፣ የትምህርት ቤቱን ቡድን አምበልም። ሁሉም 3 ሜትር ላይ ሲቆም ማን በማን ይስቃል? እንዲያውም አምበሉ በመጀመሪያው ቀን ከ10 ኳስ 6 ብቻ ነው በትክክል ያነሳው። እሷ 9። በጠራ እጅ ነበር የምታነሳው። ያን ቀን ፊቷ ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም።

ሁለት ሳምንት 3 ሜትር ላይ ቆየች። ከዚያ 4፣ ከዚያ 6። 6 ላይ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በሴሚስተሩ መጨረሻ የክፍል ለክፍል ውድድር ሲመጣ 9 ሜትር ላይ ቆማ መታች። ኳሷ አትጮኽም፣ አታስፈራም፤ ግን ታልፋለች። አምስት ተከታታይ አሳለፈች። ስድስተኛዋ መረብ ነካች። ጨዋታውንም ክፍሏ ተሸነፈ፣ ፊልም አይደለም። ግን ሰኞ ጠዋት ከደወሉ በፊት ሜዳ ላይ አገኘኋት፤ ኳስ ይዛ፣ ብቻዋን፣ 3 ሜትር ላይ ቆማ።

ትንሽ ምት የሚናቅ ከመሰላችሁ ድቻችንን አስታውሱ። 2010 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ፣ ከግብፁ ዛማሌክ ጋር። በደርሶ መልስ እኩል ሆነው ካይሮ ላይ ወደ መለያ ምት ሄዱ። ከ11 ሜትር፣ የቆመ ኳስ፣ ማንም የማይነካህ ምት። ወላይታ ድቻ አለፈ። ሶዶ ያን ቀን እንዴት እንደሆነች ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ያን ሁሉ ደስታ ያመጣው ሕፃን ልጅ በሰፈር ሜዳ የሚመታው ርቀት ነው።

መልሴ እንግዲህ ይኸው ነው ወንድሜ። ነገ ወደ 3 ሜትር ተመለስ። የሥራ ባልደረቦችህ ቢስቁ እነሱንም አብረው እንዲቆሙ ጋብዛቸው፤ ስንት እንደሚያነሱ እናያለን።

ለቀራችሁት አንድ ልመና አለኝ። የኛ ክፍል ከ60 ተማሪ በላይ ነው፤ ኳስ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ለማንሳትና ለመወርወር የጨርቅ ኳስ እንሠራለን፤ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን እንሰፋለን። ለ3 ሜትር ደግሞ አዲስ ኳስ አያስፈልግም፤ የተላጠ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ትንሽ የሚተነፍስም ቢሆን ይሆነናል። ቤታችሁ አልጋ ሥር የተረሳ የመረብ ኳስ ካለ፣ ወይም ጥንድ ያጣ ካልሲ፣ ወደ ሶዶ ለሚመጣ ሰው ስጡልኝ። አዲስ አበባም፣ ሀዋሳም፣ አርባ ምንጭም ያላችሁ፣ ውጭም ያላችሁ።

በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሰላም እደሩ።