ክረምት በፈንድቃ

ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ የምንገባ መምህራን፣ ቅዳሜ ማታ ዣንጥላ ተጋርተን ካዛንቺስ እንወርድ ነበር፤ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት። ጠባብ ቤት ናት። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው ማሲንቆው ይዋጣል፤ ያኔ ከበሮው ይረከባል። እስክስታ ወራጁ መላኩ በላይ እዚያው ለሽልማት ሲጨፍር ኖሮ፣ በኋላ ቤቱን ራሱ ያዘው፤ የሥዕል ማሳያም ጨመረበት።

አዝማሪዋ ወደኛ ዞር ብላ «እነዚህስ ከየት ናቸው?» ትላለች። ጎጃም ካልን ስለ ጎጃም፣ ወለጋ ካልን ስለ ወለጋ ታወርደዋለች። «ተቀበይ!» ብለን ስንኝ ስንሰጣት አሳምራ ትመልሳለች። የጓደኛችን የተቀደደ ጫማ እንኳ አልቀረላትም (ኮርሱ እስኪያልቅ «ጫማው» ስንለው ከረምን)። እዚህ ካኩማ «ከየት ናችሁ?» የሚለን ቅጽ የያዘ ሰው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ያ ቤትም ፈረሰ። ወሬውን በስልክ ሰምተን ዝም አልን።

ልጆቻችን ማሲንቆ በዓይናቸው አላዩም። ስለዚህ በራሽን ዘይት ጣሳ አንድ ሠርተናል። የጎደለው የፈረስ ጭራ ነው፤ እዚህ አህያ እንጂ ፈረስ የት አለ! በናይሎን ብንሞክረው የድመት ለቅሶ ሆነብን። መላ የምታውቁ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤት ብቅ በሉልን፤ ስንኝም ይዛችሁ ኑ።