የተለወጠውን ብቻ

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ምን አገባት?» ትሉኝ ይሆናል። ለእረፍት መቱ ሄጄ ከአጎቴ ልጅ የተማርኩት ነገር ግን ለእኛም ትምህርት ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ላካፍላችሁ።

የአጎቴ ልጅ ለሱቆች የሂሳብ መያዣ ፕሮግራም ይሠራል። ደንበኞቹ መቱ፣ ጎሬና በደሌ ናቸው፤ የሠራውን በፍላሽ ይዞ በሚኒባስ ይሄድላቸዋል። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ ባትሪው አንድ ሰዓት አይሞላም፣ መብራት ደግሞ ባሰኘው ጊዜ ይጠፋል። ፕሮግራመር የጻፈው ነገር ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ መቀየር አለበት፤ ኮምፓይል ማድረግ የሚሉት ይህን ነው። ሁሉንም ፋይል ከመጀመሪያው ኮምፓይል ላድርግ ካለ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። አንዲት ቃል ባረመ ቁጥር ሩብ ሰዓት ከጠበቀ፣ ሥራው ሳያልቅ ባትሪው ያልቃል።

የሚያድነው ሜክ የምትባል ትንሽ መሣሪያ ነች። ስቱዋርት ፌልድማን የተባለ አሜሪካዊ በ1976 እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ውስጥ ሠራት። የሥራ ባልደረባው አንድ ቀን ጠዋቱን ሙሉ ስህተት ሲፈልግ ይቆያል፤ ለካስ ስህተቱ ታርሟል፣ የታረመው ፋይል ግን እንደገና ኮምፓይል አልተደረገም! ፌልድማንም ያው ጣጣ ደርሶበት ስለነበር ሜክን ጻፈ። በ2003 እ.ኤ.አ. ኤሲኤም የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር ለዚህ ሥራው ሸልሞታል።

አሠራሯ ቀላል ነው። ሜክፋይል በሚባል አንድ ፋይል ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ምን እንደሚሠራ፣ ከምን እንደሚሠራና በምን ትእዛዝ እንደሚሠራ። ሜክ ፋይሎቹ መቼ እንደተነኩ ታያለች። ያልተለወጠውን ትተወዋለች፤ የተለወጠውንና በእሱ ላይ የቆመውን ብቻ እንደገና ትሠራለች።

«አንቺ የመጽሔታችሁ ሦስተኛ ገጽ ላይ ፊደል ቢገደፍ ሁሉንም ገጽ እንደገና ትተይቢያለሽ?» አለኝ። ያኔ ገባኝ።

«እነ ግሬድልና ሜቨን የሚባሉ ትልልቆች አሉ አይደል?» ስለው ሳቀ። እነሱ መጀመሪያ ሲነሱ ብዙ ነገር ከኢንተርኔት ያወርዳሉ፤ ካርዱን ማን ይሞላል? በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ያኔ ተማሪ ሳለ ልምምዱን ያላቋረጠው በሜክ እንደሆነ ነገረኝ። አንዴ ከተጫነች ኔትወርክ አትጠይቅም።

ጉድለትም አላት። ምኑ በምኑ ላይ እንደቆመ የሚነግራት ሰው ነው። እሱ አንዱን ከዘለለ አሮጌውን እንደ አዲስ አድርጋ፣ ዝም ብላ ታስረክበዋለች።

እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ዜና ላይ አንድ ቁጥር ሲታረም ርዕሱም፣ መግቢያውም፣ የፎቶው መግለጫም አብሮ መታረም አለበት። የቱ በየትኛው መረጃ ላይ እንደቆመ ካልጻፍን፣ ያረምን መስሎን አሮጌውን እናትማለን። ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ከእያንዳንዱ ዜናዬ ጋር ይህን በደብተሬ እጽፋለሁ። ለዚህ ደግሞ ኮምፒውተርም መብራትም አያስፈልገኝም፤ እስክሪብቶ ይበቃኛል።