የቤታችን መጻሕፍት

ብዕሩን የያዘው ከሁለታችን አንዱ ቢሆንም ነገሩ የሁለታችን ስለሆነ «እኛ» እያልን እናወጋችኋለን።

ኒካሕ ያሰርነው በ2007 ዓ.ም. ነው። ደሴ ወደተከራየናት ጠባብ ቤት የሙሽራዋ ዕቃ ሲገባ፣ ተሸካሚው አንድ ካርቶን ጀርባው ላይ አድርጎ «የምን ሳህን ነው እንዲህ የሚከብደው?» እያለ አጉረመረመ። ሳህን አልነበረም፤ መጽሐፍ ነበር። ሙሽራውም ከመድረሳ ዘመኑ ጀምሮ ያጠራቀማቸውን ኪታቦች በጆንያ ቋጥሮ ቀደም ብሎ አስገብቷል። መደርደሪያ አልነበረንምና ሁሉንም ከመስኮቱ ሥር በአንዲት ጣውላ ላይ ደረደርናቸው። 19 የእሱ፣ 12 የእሷ፣ በድምሩ 31 ሆኑ። አስተማሪ መቼም መዝገብ ይወዳል፤ በዚያው ሳምንት ሁሉንም በአንድ ደብተር ላይ በተራ ቁጥር ጻፍናቸው።

መጻሕፍቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡም ባለቤቶቻቸው ገና አልተዋወቁም ነበር። ባልየው ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መድረሳ እየተመላለሰ ያደገ ነው። ሰፊናን፣ አጁሩሚያንና ሪያዱ ሷሊሒንን ከሸኹ ፊት ተቀምጦ ተምሯል። ልብ ወለድ ግን በእሱ ዘንድ ጊዜ ማባከኛ ነበር። ሚስትየዋ ቁርኣንን በልጅነቷ አኽትማለች፤ ሆኖም ፊደሉን እንጂ የዐረብኛውን ትርጉም አልተማረችም። እሷን ከንባብ ጋር ያስተዋወቃት የትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሦስት ጊዜ አንብባዋለች። አንድ ቀን ባልየው «ይህ በሙስሊም ቤት ምን ይሠራል?» ቢላት፣ «አንተ የእኔን ሳታነብ ትፈርዳለህ። እኔ ያንተን ላንብብ ብል ደግሞ አይገባኝም። ማናችን ነን የተጎዳነው?» አለችው። መልስ አልነበረውም።

ከዚያ ተስማማን። ከዒሻ ሶላት በኋላ ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። በመጀመሪያ እሱ ከሪያዱ ሷሊሒን አንድ ሐዲስ እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ቀጥሎ እሷ ከልብ ወለዱ ጥቂት ገጾች ጮክ ብላ ታነባለች። መብራት በጠፋ ቀን ሻማ እናበራለን። ሁለት ወር ሳይሞላ ልብ ወለድን ይንቅ የነበረው ሰው «እስቲ ትንሽ ጨምሪ» ማለት ጀመረ። የገበሬውንና የባለርስቱን ነገር ሲሰማ ከአያቶቹ አፍ የሰማው ሁሉ ትዝ ይለው ነበር። እሷ በበኩሏ በሐዲሱ ላይ ጥያቄ ማንሣት ያዘች። የቤታችን ንባብ እውነተኛ ንባብ የሆነው ከጥያቄዋ በኋላ ነው ብንል አልተጋነነም።

አንዱን እናጫውታችሁ። በተጋባን በዓመቱ «በመህር የተሰጠኝ ሐብልና ቀለበት ዘካ አለበት ወይ?» ስትል ጠየቀች። «ሴት ለምትለብሰው ጌጥ ዘካ የለም» ሲል ፈጥኖ መለሰ፤ በሻፊዒ ኪታብ የተማረው ይህንኑ ነውና። እሷ ግን ከመስጊድ በር ላይ ከገዛችው አነስተኛ የአማርኛ መጽሐፍ «ይወጣበታል» የሚለውን አውጥታ አሳየችው። ክርክሩ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ሸኹ ዘንድ ሄድን። ሸኹ ፈገግ አሉና ሁለታችንም ያነበብነው እውነት መሆኑን ነገሩን፦ በኢማም ሻፊዒ መዝሀብ ለመልበሻ በተፈቀደ ጌጥ ላይ ዘካ የለም፣ በኢማም አቡ ሐኒፋ መዝሀብ ግን አለ፤ ለጥንቃቄ ያወጣ ሰው መልካም ሠራ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ወርቁ ስንት ግራም ነው?» አሉ። ለካ ይህን የጠየቀ አልነበረም! የወርቅ ኒሷብ 20 ሚስቃል ነው፤ በዛሬው ሚዛን ብዙዎቹ ዑለማእ 85 ግራም ያህል ያደርጉታል። ወርቅ ቤት ወስደን ብናስመዝነው የእኛው 11 ግራም ሆነ። እየሳቅን ወደ ቤታችን ተመለስን። ቢሆንም ያ ሳምንት ባከነ አንልም። እሱ አንድ ኪታብ ብቻ አንብቦ መፍረድ እንደማይገባ ተማረ፤ እሷም ጥያቄዋ ሸኽ ዘንድ የሚያደርስ ቁም ነገር መሆኑን አወቀች።

ሚስት ባሏን ማረሟ በዑለማእ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። በሐለብ የኖሩትና በ587 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት የሐነፊው ሊቅ አል-ካሳኒ፣ የመምህራቸውን የሰመርቀንዲን ኪታብ አብራርተው «በዳኢዑ ሰናኢዕ»ን በጻፉ ጊዜ መምህሩ ልጃቸውን ፋጢማን እንደዳሩላቸው፣ ማብራሪያውም መህሯ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ፋጢማ ራሷ ፈቂህ ነበረች፤ ባሏ በፈትዋ ላይ ሲሳሳት እንደምታርመው፣ እሱም እርማቷን እንደሚቀበል ተጽፏል። እኛ የእነሱ ጥፍር እንኳ አንሆንም፤ ግን መንገዱ የቆየ መንገድ ነው።

መጻሕፍቱ መብዛት የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው። ከደመወዝ ቀን ቀጥሎ በሚመጣው ጁሙዓ አንድ መጽሐፍ ብቻ እንገዛለን። ከሁሉ አስቀድመን የገዛነው በሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና በሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅ የተተረጎመውን፣ በ1961 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውን የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ነው። በልጅነቷ ያኸተመችውን ቁርኣን ምን እንደሚል በገዛ ቋንቋዋ ስታነብ ስንት ምሽት እንዳለቀሰች እኛ እናውቃለን።

ስሕተትም አልጠፋም። ባልየው አንድ ጊዜ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄዶ፣ መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ ጀርባው በወርቅ ቀለም የተጻፈ ባለ ስምንት ቅጽ የዐረብኛ ተፍሲር አየና ለቤት ኪራይ የተቀመጠውን ገንዘብ ከፍሎ ይዞት መጣ። ሚስትየዋ ምንም ሳትናገር በመደርደሪያው ላይ በክብር ደረደረችው። የዚያን ወር ኪራይ የከፈልነው ከእህቷ ተበድረን ነው። በዓመቱ አንዱን ቅጽ አወጣችና ፊቱ ገለጠችው፤ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው እንደተጣበቁ ናቸው። «ይህ የተገዛው ለእኛ ነው ወይስ ለእንግዳ?» አለችው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በእጃችን ያለውን ሳንጨርስ ሌላ ላንገዛ ቃል ገባን።

በደብተራችን ያልተመዘገበ አንድ ኪታብ ግን ነበረን። የባልየው አያት በእጃቸው የጻፉት፣ በቆዳ የተለበደ ነው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቤተሰቡ «የአባባ ኪታብ» ይለዋል፤ ለበረካ ይቀመጣል እንጂ አይነበብም። ባልየው አንድ ጊዜ ገልጦት ነበር። መግቢያው ዐረብኛ ነው፤ ዝቅ ሲል ግን ፊደሉን እያየ ቃሉ አልገባ ስላለው «ይህ ከእኔ ዕውቀት በላይ ነው» ብሎ መልሶ ጠቀለለው።

በ2011 ዓ.ም. በረመዷን አንድ ምሽት ሚስትየዋ ውዱእ አድርጋ ኪታቡን አወረደችው። ልጅ ሳለች ቁርኣን እንደተማረችው በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል እየገጣጠመች ታነብ ጀመር። ድንገት ቀና ብላ «ይህ እኮ አማርኛ ነው!» አለች። እውነትም ዐጀም ነበር። የወሎ ዑለማእ በዳና፣ በጌታ፣ በሾንኬና በሌሎችም የዒልም መንደሮች ኪታብ ሲያስቀሩ ኖረዋል፤ ከዐረብኛው ጎን ለጎን አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የመጻፍ ልማድ በአገሩ አለ። ዐረብኛ ለሌለው እንደ «ቸ» ላለ ድምፅ ነባሩን ፊደል በነጥብ እየለዩ ይጽፉታል። መንዙማው ተጽፎ የቆየው በብዛት በዚህ ነው። ባልየው ዐጀም መኖሩን ያውቃል፤ ግን ኪታብ ሲባል ዐረብኛ ብቻ ስለመሰለው በዐረብኛ ሰዋስው ሊፈታው ሞከረ። እሷ ደግሞ የዐረብኛ ሰዋስው ስለማታውቅ እንደተጻፈው አነበበችው፤ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ሆኖ አገኘችው።

የአባባ ኪታብ ምን ነበር? የውዱእንና የሶላትን ሥርዓት ዐረብኛ ላልተማሩ የመንደሩ ሴቶች የሚያስረዳ ነው። ይህንኑ ራሳቸው በመግቢያው ላይ ገልጸዋል። እንግዲህ አስቡት! ሴቶች እንዲያነቡት የተጻፈን ኪታብ እኛ ለስንት ዘመን በጨርቅ ጠቅልለን ሰቅለነዋል። ባልየው በዚያ ምሽት ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ ተቀመጠ።

በአንድ ነገር ግን ገና አልተስማማንም ነበር፤ በማዋስ። ባልየው በወጣትነቱ ለጓደኛው ያዋሰው ኪታብ ሳይመለስ በመቅረቱ «መጽሐፍ ከወጣ አይመለስም» የሚል ሰው ነው። ሚስትየዋ ለጎረቤት ልጆችና ለተማሪዎች ታውሳለች፤ እሱ ቅር እያለው በደብተሩ ጀርባ «የወጡ» ብሎ ይመዘግባል። እስከ 2014 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ 268 መጻሕፍት ነበሩን፤ ከእነዚህ 23ቱ ሰው እጅ ነበሩ።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ልጆቻችንን፣ አንድ የልብስ ሻንጣና የአባባን ኪታብ ይዘን ወደ አዲስ አበባ ወጣን። ደብተሩም ሻንጣው ውስጥ ነበር። በታኅሣሥ ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ መደርደሪያው የለም፣ መጻሕፍቱ ወለሉ ላይ ተበታትነዋል። በግቢው ጥግ አመድ ነበር። ማን እንዳነደደው አልጠየቅንም፤ ብርድ የጠናበት ሰው ይሆናል አልን። ሰው ለሞተበት ጎረቤት ስለ መጽሐፍ ማውራትም አሳፈረን። ማታ በሻማ ስንቆጥር 102 ቀርተዋል። ከባለ ስምንቱ ቅጽ ተፍሲር የተረፉት ሦስቱ ናቸው።

በሳምንቱ በራችን ተንኳኳ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የጎረቤት ልጅ ናት። የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ የሚያወሳ አንድ መጽሐፋችንን በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ስትሸሽ ይዛው ሄዳ፣ በተጠለለችበት ቤት ለታናናሾቿ እያነበበችላቸው ከርማለች። «ጥጉ ትንሽ ታጥፏል፣ አፉ በሉኝ» አለችን። ከዚያ ሌላው መጣ፤ ሌላውም ተከተለ። እስከ የካቲት ድረስ ከ23ቱ 21 ተመለሱ። በቤታችን ካስቀመጥናቸው 245 ያተረፍነው 102 ብቻ ነበር። ባልየው ደብተሩን ገልጦ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፋቸውና ለሚስትየዋ አሳያት። እሷ «እኔ ብዬህ ነበር» አላለችም፤ አላህ ይስጣት። በማግስቱ እሱ ራሱ ሁለት መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ወደ ጎረቤት ወጣ።

ቀደምቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በብዙ የድሮ ኪታቦች የመጀመሪያ ገጽ ላይ ወቅፍ መሆናቸው ተጽፎ ይገኛል፤ ለሚማር ሁሉ የተተዉ ናቸው ማለት ነው። እኛም አሁን በምንገዛው ሁሉ ላይ የቤታችንን ስምና «አንብበህ መልስ፤ ካልቻልክ ለሚያነብ ስጥ» የሚል ቃል እንጽፋለን። ዛሬ 340 ደርሰናል። ከእነሱም ስንቱ የት እንዳለ የሚያውቀው ደብተራችን ነው። የአባባን ኪታብ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተነዋል፤ ማታ ማታ ደግሞ እሷ ታነባለች፣ እሱ ወደ ግእዝ ፊደል ይገለብጣል። ተማሪ ነበረች፤ አሁን አስቀሪዋ እሷ ሆናለች።

ወጣቶች ሆይ! ጎጆ ስትቀልሱ ለመጽሐፍ የሚሆን አንዲት ጣውላ አትጡ። ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ከዒሻ በኋላ ግማሽ ሰዓትና የሚጠይቅ የትዳር ጓደኛ ይበቃል። በቤታችሁም ተጠቅልሎ የተሰቀለ የአያት ኪታብ ካለ ዛሬውኑ አውርዳችሁ ግለጡት። ምናልባት የተጻፈው ለእናንተ ሊሆን ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ.) የምናነበውን የምንሠራበት ያድርገን። አሚን።